በሄለን ስልክ

መሥሪያ ቤታችን ፓስዎርድ ቀርቶ ሁሉም በስልኩ እያጸደቀ አካውንቱን እንዲከፍት ሲያዝ፣ እኔ ስልኬን በቦዳቦዳ፣ በሞተር ታክሲ ስሄድ ተነጥቄ ነበር። ሎሎጎ ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ባልደረባዬ ሄለን፣ "አዲስ እስክትገዢ በእኔ ይሁን" ብላ የእኔንም አካውንት እሷ ስልክ ላይ አስገባችልኝ። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ ላይ የወጣውን ቁጥር እነግራታለሁ፤ እሷ ቁጥሩን ስልኳ ላይ መትታ በጣት አሻራዋ ታጸድቅልኛለች። "ያለ እኔ እኮ ሥራም የለሽ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ወባ ይዟት ሳናስበው ሞተች። ወንድሟ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን። ከመሥሪያ ቤት ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ማሌሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አለቃ አንዷን ሪፖርት በጣም ፈልጓታል" አለኝ። ጓዳ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና እንደ ልማዴ መግቢያውን ተጫንኩት። ወዲያው ሳሎን ውስጥ፣ ወንድሟ የያዘው የሄለን ስልክ ጮኸ።

በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። "እህቴ፣ የሚገባ ሰው አለ ይላል። ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት አፍሬ፤ ነገሩንም አስረዳሁት።

"ታዲያ ምን ችግር አለው? ቁጥሩን ንገሪኝ።"

"ሰባ አራት።"

ቁጥሩን መታና ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። የራሱን ጣት አስነካ፤ እንደገና አስነካ። "የእሷን ጣት ነው የሚጠይቀኝ" አለና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የስልኩ መብራት ጠፍቶም ሁለታችንም ከመሬት መነሳት አልቻልንም።