ዘጠነኛው ጉድጓድ በጋሽ ሸዋንግዛው አውድማ

በእኛ ጊዜ፣ «በእኛ ጊዜ» ስል ደግሞ ከንጉሡ ጋር የበላሁ አርጋችሁ አታስረጁኝ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ የመንገድ ሥራው ካምፕ እዚህ ሸዋሮቢት የሰፈረ ጊዜ ነው የምላችሁ። ያኔ ጉልበቴ ጉልበት ነበር፣ ከቀያሾቹ ጋር ሜትር እጎትታለሁ፣ ችካል እተክላለሁ፣ አገሩንም ስለማውቀው «ታፈሰ፣ በየት በኩል ነው?» ሲሉኝ «በዚህ በኩል» እላለሁ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ያን የድምፅ መቅጃህን ጠጋ አርገው መምህር፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

ታዲያ አለቃችን አንድ ሽበታም ፈረንጅ ነበር፣ ሚስተር ኮሊን ነው ስሙ፣ ሦስት ዓመት እኛው አገር ኖሮ አማርኛው ከነስብራቱ ያግባባል፣ ቃሪያ ያስለቅሰዋል እንጂ አይተውም፣ ደግ ሰው ነበር። እና አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። ምን ጎደለው? ጎልፍ! ጎልፍ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከመኪናው ረጅም ከረጢት አወጣ፣ ውስጡ ዱላ ነው፣ ዱላ ብቻ፣ ሁሉም ጫፉ ላይ ብረት አለው። «ሚስተር፣ ጠብ አለብዎት እንዴ?» አልኩት። ሳቀ ሳቀና አንዲት ነጭ ኳስ አሳየኝ፣ የዶሮ እንቁላል እንኳ አታህልም። «ይቺን መምታት፣ ጉድጓድ ማስገባት፣ ከዚያ ሌላ ጉድጓድ» አለኝ። «ስንት ጉድጓድ?» «ዘጠኝ» አለኝ።

«ሙሉው አሥራ ስምንት ነው፣ ግን ጥሩ ዘጠኝ ከመጥፎ አሥራ ስምንት ይበልጣል፣ ጠዋት መጀመር፣ ፀሐይ ሳይከር መጨረስ» አለኝ። ይሄ ነገር ገባኝ፣ የኛን ቆላ ፀሐይ የሚያውቅ ሰው አሥራ ስምንት ጉድጓድ ምን ሊያደርግለት ነው? ታዲያ በየሄደበት አገር የተጫወተበትን ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ ሁሉ የጻፈባት ደብተር ነበረችው፣ ይገልጥና «ይሄ መጥፎ፣ ዘጠኙም አንድ ዓይነት፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ይሄ ደግሞ መልካም፣ ትንሽ ነው ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅሃል» እያለ ያነብልኛል። በመጨረሻም «ታፈሰ፣ አንተ አገር ታውቃለህ፣ መልካም ዘጠኝ ፈልግልኝ» አለኝ።

ፈለግን። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈለግን፣ ፈለግን። አሊዩ አምባ ወሰድኩት፣ እዚያ ደግሞ አገሩ ሁሉ ቁልቁለት ነው፣ ኳሷን አንድ ጊዜ ቢመታት ወደ አፋር ነጎደች፣ እኛ ቆመን ሸኘናት። «መልካም አይደለም» አለ። አጣዬ ወሰድኩት፣ ሜዳው ደልዳላ ነው ግን ገበያው ጥግ ነው፣ ቢመታት አንድ በግ ነጋዴ እግር ሥር አረፈች፣ ሰውየው እቴ! አንስቶ ኪሱ ከተታት። «ስጠን እንጂ ወንድሜ» ብዬ ብለምነው «ከሰማይ የወረደልኝን ሲሳይ?» አለኝ። ሮቢ ወንዝ ዳር ወሰድኩት፣ ድንጋይ። ሌላ ቦታ ወሰድኩት፣ እሾህ። ሰውየው ተስፋ ሲቆርጥ እኔም አብሬ ቆረጥኩ።

ታዲያ ወሩ ጥር ነው፣ እህል ተወቅቶ የገባበት። ጀውሃ አጠገብ አሊ የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ የሱ መንደርና የኛ መንደር ጎን ለጎን ነው፣ ማሾና ማሽላ አራሽ ነው። እና ጎራ ብለን ውኃ ስንጠጣ ሚስተር ኮሊን የአሊን አውድማ አየ። አየና ተንበረከከ። በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ ጠጠር የሌለው፣ ልስልስ ያለ አውድማ፣ በመዳፉ እያሻሸ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። አሊ ደንግጦ «ወላሂ ታፈሰ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል፣ እበት እያሸ እንባው ሊመጣ ነው» አለኝ። ለካ ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው መሬት እንደዚያ ልስልስ ማለት አለበት፣ ኳሷ እንድትንከባለል። እና ሰው አገር በሣር የሚለፉበትን እኛ በእበት ሠርተን አስቀምጠንለታል!

እንግዲህ ከአሊ አውድማ ጀምረን ወደ እኛ መንደር ተራ በተራ ሄድን። ባለቤቱን አገኛለሁ፣ «እህልህ ገብቷል ወይ?» እላለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ ገብቷል» ይለኛል፣ ወይ «እግዚአብሔር ይመስገን ገብቷል» ይለኛል፣ «እንግዲያ ይሄ እንግዳ ይጫወትበት?» እላለሁ፣ «ይጫወት» ይሉኛል። በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክብ አርገን እንቆርጥና ጉድጓድ እናወጣለን፣ ሲበቃው እንደፍናለን፣ ስምምነቱ ይኸው ነው። አንድ ሕግ ብቻ አጥብቄ ነገርኩት። «ሚስተር፣ አውድማ ላይ በጫማ አይወጣም። ፉጨትም የለም። እህል የሚባረክበት ነው» አልኩት። «እሺ» አለ፣ ካልሲውንም ጭምር አወለቀ። በዚህ ዓይነት ስምንት ደረስን።

ዘጠነኛው የጋሽ ሸዋንግዛው አውድማ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ኮስታራ ናቸው፣ ጥርሳቸውን ለማየት ፋሲካ መጠበቅ አለባችሁ። እና የልጃቸው የደረጀና የኔ ልጅ የትርንጎ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሁዳዴ ሳይገባ ተብሎ ቀን ተቆርጧል፣ ጌሾው ተወቅጧል። አውድማቸው ኮረብታው ሥር ነው፣ ነፋስ ያገኘዋል፣ አጠገቡ ግራር አለ፣ ሚስተር ኮሊን ሲያየው «ታፈሰ! መጨረሻው ጥያቄ ይሄ ነው!» አለ። እሳቸው ገበያ ሄደዋል። እኔም ምን አልኩ? «የልጄ አማት አይደሉም እንዴ፣ የራሴ አይደለም እንዴ» አልኩና ቆርቆሮውን አነሳሁ። ስሙኝ እንግዲህ፣ ስምንቱን ባዳ ለምኜ አስፈቅጄ ዘመዴን ሳላስፈቅድ ቆፈርኩ። የተለቀለቀበት እበትም ገና እርጥብ ነበር። «ይሄስ ለምን አዲስ ተለቀለቀ?» ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት የት ነበረኝ? ያልተወቃ ክምርም ከግራሩ ወዲያ ነበር፣ ዓይኔ ፈረንጁ ላይ ሆኖ አላየሁትም።

ማክሰኞ ባለቤቴ አስካለ ከወፍጮ ቤት እየሮጠች መጣች። «ጉድ ሆነናል!» አለች፣ «ጋሽ ሸዋንግዛው አውድማ ላይ መተት ተቀበረ!» «የምን መተት?» «ለሰርጉ ያስቀሩትን ጤፍ ሊወቁ ቢሄዱ መሐል አውድማው ላይ ክብ ጉድጓድ! ልክክ ያለ! የሰው እጅ እንደዚያ ክብ አይቆፍርም አሉ። ደግሞ ዙሪያውን የእግር ኮቴ አለ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ተረከዙ ስንጥቅ የሌለው። የሰው እግር አይደለም እያሉ ነው!»

ኧረ እናንተዬ! ሰው እንዴት ብሎ ተረከዙ አይሰነጠቅም? ዕድሜውን በካልሲ የኖረ እግር ነዋ፣ ማን ይወቅ! ልነግራት ስል ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፌ ላይ ደረሱ። «ከጋሽ ሸዋንግዛው ተልከን ነው» አሉ፣ «ጋብቻው ፈረሰ አላሉም፣ ነገር ግን በተደገመበት አውድማ የሰርግ እህል አልወቃም፣ ዘንድሮ ይቅር፣ ለከርሞ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል ብለዋል» አሉኝ። ትርንጎ ጓዳ ሆና ሰማች። ስታለቅስ ሰማኋት። ልጄ ድምፅ አውጥታ የምታለቅስ ልጅ አልነበረችም፣ እሱ ነው የቆረጠኝ። «ለከርሞ» ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የተራዘመ ሰርግ ወሬ ይበላዋል። እና አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ።

አሊ ዘንድ ሄድኩ። ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ኋላ ግን ሳቁን ገታና «ስማ ታፈሰ፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን፣ ኮቴው ሳይጠፋ ሂድ። የእግሩን ባለቤት ይዘህ ሂድ። ነገ ከደፈኑት ማን ያምንሃል?» አለኝ። ካምፕ ሄድኩ፣ ለሚስተር ኮሊን ነገርኩት፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «የኔ ጥፋት» አለ፣ «የለም የኔ ነው» አልኩ፣ «የኔ!» አለ፣ «እሺ ነገ ጠዋት ሁለታችንም!» አልኩት።

ታዲያ በማግስቱ መንደሩ ሁሉ አውድማው ዙሪያ ቆሟል፣ ጠበል ተረጭቷል፣ ለመርገጥ የሚደፍር የለም። እኔም መሐል ገብቼ «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ሳላስፈቅድዎት ነው፣ መተት አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አልኩ። በጣታቸው ኮቴውን አሳዩ። «እግሩስ?» አሉ። ሚስተር ኮሊን ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ ሄዶ ያችን ነጭ እግሩን ኮቴው ላይ ቁጭ አደረጋት። ልክ! አንዲት አሮጊት «ውይ፣ የናቱ ልጅ፣ ምነው እግሩ እንዲህ ያልበሰለ!» ስትል ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን አልሳቁም። «ሽማግሌ ሰው የሰው አውድማ የሚበሳበት ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ያሳየኝ» አሉ።

ሚስተር ኮሊን ጨነቀው መሰለኝ፣ ከማሳው ጫፍ መታት፣ ቃርሚያውን ዘላ መጣች፣ አውድማው ላይ ተንከባለለች፣ አለፈች። መለሳት፣ አለፈች። «አልገባችም» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «አልገባችም» አለ ሕዝቡ። «እስቲ ወዲህ በላት» አሉና ዱላውን ተቀበሉት። እሳቸው በጎልማሳነታቸው የገና ጨዋታ ላይ ማንም አይቀድማቸውም ነበር፣ ሩሯን ከሰው እግር መሐል አውጥተው ነው የሚያበሩት። ጫማቸውን አውልቀው መቱ፣ ኳሷ ግራሩ ሥር ገባች። ሰው ሊስቅ ሲል ዞር ብለው አዩት፣ ማንም አልሳቀም። ሁለተኛ መቱ፣ ጉድጓዱን ታካ አለፈች። «ይሄ ብረት ነው ያበላሸኝ፣ ገናዬን አምጡልኝ!» ብለው የገና ዱላቸው ከቤት መጣ። ጎንበስ አሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ ቸብ አደረጓት። ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ጠርዙ ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ገባች! አስካለ እልል አለች! ኋላ «ምን ብለሽ ነው?» ብላት «ልጄ ተዳረች ብዬ ነዋ» አለችኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ወዲያው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ታፈሰ!» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«ስምንት ሰው አስፈቅደሃል አሉ።»

«አስፈቅጃለሁ።»

«እኔን ናቅከኝ?»

«ኧረ ጋሼ! የራሴ አደረግኩዎት እንጂ።»

«የራስህን ነው አስቀድመህ የምታስፈቅደው» አሉ። «በል ጭቃውንም እበቱንም በገዛ እጅህ አቡካ፣ ሰው እያየ ድፈነው። ሲደርቅ ጤፉ ይወቃል። ሰርጉም በቀኑ ነው።»

አቡክቼ ደፈንኩት። እበት እስከ ክንዴ፣ አሊ ከዳር ቆሞ «በርታ፣ ማሽ አላህ!» እያለ ይቀልድብኛል፣ ሚስተር ኮሊንም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮኝ አቦካ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ነበር። ጤፉ ተወቃ፣ ሰርጉ ሆነ፣ ትርንጎ ተዳረች፣ ይኸው ዛሬ አምስት ልጅ አላት።

እና ሰርጉ አልፎ፣ አውድማው ባዶውን ቀርቶ፣ አንድ ቅዳሜ ሚስተር ኮሊን «ስምንትም ይበቃል» እያለ ስምንቱን ተጫውተን በዚያ በኩል ስናልፍ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ጉድጓድ! መሐል አውድማው ላይ! ክብ፣ ልክክ ያለ፣ ጠርዙ በእበት የተለሰነ። አማተብኩ። «በእግዚአብሔር ስም፣ ሚስተር፣ አንተ ነህ?» «እኔ አይደለሁም!» አለ። እሱም ደነገጠ። ያኔ ጋሽ ሸዋንግዛው ከግራሩ ሥር ብድግ አሉ፣ በባዶ እግራቸው፣ የገና ዱላቸውን ይዘው።

«ያንተኛው ጠማማ ነበር» አሉኝ።

መምህሩ፦ «ከዚያስ ጋሼ፣ ማን አሸነፈ?»

እሳቸው ናቸዋ! በየቅዳሜው እሳቸው ናቸው። እንዴ፣ ልጄ እሳቸው ቤት ናት፣ «ኳሷ አልገባችም» ብዬ ልከራከር ነው? (ሳቅ)