ያልወለቀችው ትከሻ

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ሩታና ጋሽ ወርቁ ላይተዋወቁ ይችሉ ነበር። ሩታ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በአንድ ሆስፒታል በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ጋሽ ወርቁ በቱላ ከተማ አርባ ዓመት የሠሩ ወጌሻ። ያን ቅዳሜ የተሳፈረችበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ሩታ ሮጣ ካገኘችው በረንዳ ገባች። በረንዳው የወጌሻው ነበር።

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። እግርሽ ነው?» አሏት፤ ደጃቸውን የረገጠ ሁሉ ወለም ያለው ይመስላቸዋል።

«ዝናቡ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን እንኳ ማሸት አልችልም» ብለው ሳቁ።

ከፊታቸው በርጩማ ላይ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ሶሊያና ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ተቀምጣለች። እናቷ ገበያነሽ አጠገቧ ቆማለች። ጠዋት ደብተር ከመደርደሪያ ስታወርድ ትከሻዋ ወልቆ በራሱ ተመለሰ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። ጋሽ ወርቁ ለሩታ እንደነገሯት ይህን ትከሻ ከዚህ በፊት ሰባት ጊዜ መልሰውታል። ዛሬ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሊያጠብቁት ቅቤውን በመዳፋቸው እያሞቁ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አራት ወር ቀርቶታል፤ ልጅቷ የምትጽፈው ደግሞ በዚሁ እጅ ነው።

«ሳብ አድርገው ጧ ያሰኙልኝ» አለች ገበያነሽ። «ደግሞ የሚወልቅባት ሥራ ሲባል ነው። ስንፍናም አለበት።»

ሶሊያና መሬት መሬቱን አየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች ሩታ። «ከመሳብዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«የሐኪም ቤት ሰው መሆንሽ ካነጋገርሽ ታወቀኝ። ጠይቂ፤ ዝናቡ እስኪያባራ የት እንሄዳለን!»

«ሰባት ጊዜ ከመለሱት፣ ዛሬ ስምንተኛ ለምን ወለቀ?»

ጥያቄው ሽማግሌውን ክብራቸው ላይ ነካቸው። «የእኔ እጅ ስቶ አያውቅም! ሳስገባው ጧ ይላል፤ ጧ ካለ ገብቷል። እናንተ ጀሶ ጠቅልላችሁ ያስተኛችሁትን ስንቱን በእግሩ አስኪጃለሁ!»

«አልጠራጠርም። ድምፁ ግን መግባቱን እንጂ መጽናቱን አይናገርም። እስቲ ግራውን ይንኩት።»

«ግራው ምን ሆነ? ደህና ነው።»

«ደህና ስለሆነ ነው። በቀስታ ብቻ፣ ሳይስቡ።»

ሰው ምላሱ ሊሸነፍ እምቢ ቢል እንኳ ሙያውን የሚያውቅ እጅ አይዋሽም። ጋሽ ወርቁ ጣታቸውን ወልቆ በማያውቀው ግራ ትከሻዋ ላይ አሳርፈው ክንዷን ትንሽ ቢያንቀሳቅሱት፣ አጥንቱ ከመቀመጫው ሸርተት አለ። ደንግጠው ለቀቁት። ክርኗን ዘርጉ፤ ከልኩ አልፎ ወደ ኋላ ሄደ። ቆዳዋን ያዝ ቢያደርጉት እንደ ሊጥ ተሳበ። በቀኙ በኩል ባለፈው ያሹበት ቦታ ገና እንደበለዘ ነው።

«ይሄኛው አልወደቀ፣ አልተመታ» አሉ ለራሳቸው። «ምን አላላው?»

«እርስዎ የሚያውቁት ወለምታ ጠንካራ ጅማት ሲጎዳ ነው። የእሷ ግን ሲፈጠርም የላላ ይመስላል። ኤለርስ ዳንሎስ የሚሉት ሕመም አለ፤ ሰውነትን አያይዞ የሚይዘው ነገር ይሳሳል፣ በዘርም ይተላለፋል። እሱ መሆኑን ሐኪም ይለየዋል፤ ልቧንም ዐይኗንም ያይላታል። የላላ ጅማት ግን ሲሳብ ይብስበታል እንጂ አይጠብቅም።»

ገበያነሽ ሳቀች። «በዘር? እኛ ቤት ማን ወልቆበት ያውቃል? እኔ እንኳ…» ብላ አውራ ጣቷን አጥፋ ክንዷ ላይ አስተኛችው። «ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹን የማስቅበት ጨዋታ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ገበያነሽ ጣቷን አየችው፤ ቀስ ብላ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች።

«ይድናል?» አለች ሶሊያና።

«ጨርሶ አይጠፋም፤ አልዋሽሽም። ግን ይገራል። ጅማቱ ያቃተውን ጡንቻሽ እንዲይዝ በቀላል እንቅስቃሴ፣ በየቀኑ፣ ሳንቸኩል እናጠነክረዋለን። ለጨዋታም ቢሆን መገጣጠሚያሽን እስከ ጥጉ አትዘርጊ። ሳይብስብሽ ዕረፊ። ማስታገሻውን ሐኪም ይምረጥልሽ። ወልቆ አልመለስ ካለ ወይም ጣትሽ ከደነዘዘ ግን ወዲያው ሆስፒታል።»

ጋሽ ወርቁ ጨርቅ አንሥተው ቅቤውን ከመዳፋቸው ጠረጉ።

«ስስብሽ ትጮኺ ነበር» አሏት። «ጩኸቱ የመዳን መስሎኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለች ሶሊያና።

ሰኞ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው እናትና ልጅን ሆስፒታል ድረስ ሸኟቸው። ሐኪሙም ሩታ የጠረጠረችውን አረጋገጠ፤ የሶሊያና ልብ ደህና ሆኖ ተገኘ። በአራቱ ወር ውስጥ ትከሻዋ የወለቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የበለዘው ቆዳዋ ጠራ። በወፍራም እስክሪብቶ እየጻፈች፣ በየመሐሉ እጇን እያሳረፈች የጥናት ሰዓቷን መጨረስ ቻለች። ጋሽ ወርቁም ልማድ ለወጡ፦ ማንም ቢመጣ መጀመሪያ የሚነኩት ጤነኛውን ጎን ነው፤ ሁለቱም ከላላ እጃቸውን ሰብስበው ወደ ሩታ ይልካሉ። አዋቂነታቸው በዚህ አልቀነሰም፤ ሰው እንዲያውም አብዝቶ አመናቸው።

ሕመሙ ከእነ ሶሊያና ቤት አልወጣም። የሚጠፋ ቀን አለ፣ የሚብስ ቀን አለ። ለፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሰሃን እያጠበች ጣቶቿ ዛሉባት። እናቷ ከኋላዋ መቆሟን አይታ የለመደችውን ተግሣጽ ስትጠብቅ አንገቷን ደፋች።

«ደከመሽ?» አለች ገበያነሽ፤ ሰሃኑንም ከእጇ ተቀበለቻት።