ለሦስት ሰው አንድ ስልክ

እንዴት አደርሽ የኔ አበባ? እኔማ ጭኔና ወገቤ የሌላ ሰው መስሎኛል እንጂ ደህና አድሬአለሁ። እስቲ መጋረጃውን ገለጥ አድርጊው… እሰይ፣ ዛሬም ፀሐይ ነው። ይቺ የኪራይ ቤት ክፍሏ ቢጠብም መስኮቷ ደግ ነው፤ ትናንት የጋለብንበት ጎዳና እስከ ወንዙ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ጥግ ላይ ብርቱካንማዎቹ ብስክሌቶች ተደርድረው አየሻቸው? ማንም መንገደኛ ስልኩን ያሳያቸዋል፣ ቁልፋቸው ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ እንደ ራሱ ንብረት ጉብ ብሎባቸው ይሄዳል፤ ሲበቃው ሌላ ጥግ አቁሟቸው እብስ። ይህን ያሰበ ሰው በእውነት ጽድቅ ይገባዋል።

ቀስ እንበል ግን። እጮኛሽ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ጢሙን እየተላጨ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ወረቀት ነው፤ እዚህ ብታስነጥሺ እዚያ «ይማርሽ» ይባላል። ስለ እሱ ክፉ የምናወራ እንዳይመስለው… ምን ክፉ አለውና?

እኔ የማወራው ስለ ብስክሌቱ ነው። ሃምሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው! የጎረቤት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አባባ ከገረፈኝ ወዲህ ፔዳል የረገጥኩት ትናንት ነው። መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ስል፣ አንቺ ከኋላዬ «እትዬ፣ አጥሩን፣ አጥሩን» ትያለሽ። ኋላ ግን ቁልቁለቱ ሲመጣልኝ… ምን ልበልሽ። ቀሚሴ እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ ሻርፔ ከኋላዬ እየተውለበለበ፣ በአበባ ሻጮቹ መካከል፣ በባቡሩ ሐዲድ ላይ ገጭ ገጭ እያልኩ፣ ደወሉን ያለ ምንም ምክንያት እያንቃጨልኩ ወረድኩ። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ሲያነሳ ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አንስቼ ሰላም ብዬው አለፍኩ። ቁጥቋጦው ውስጥ የገባሽው ያኔ በእኔ ስትስቂ አይደል? ከነብስክሌትሽ ስጎትትሽ ፀጉርሽ ላይ ቅጠል ተሰክቶ፣ ሳቅሽ አላቆም ብሎ… አሥር ዓመትሽ መስለሽኝ ነበር፤ እማማ ሞታ እኔ እህትሽ ጋ የመጣሽ ሰሞን።

እሱ አልሳቀም። ኃላፊነት ያለበት ሰው ምን ጊዜ አለውና ይስቃል? ከሠርጋችሁ በኋላ የምትኖሩባትን ከተማ ሊያሳየን ነው ያመጣን። መሥሪያ ቤቱ ወደዚህ ካዛወረው ገና ሁለት ወሩ ነው፣ ግን እዚህ ተወልዶ ያደገ አይመስልም? ካርታ አያይም፣ ሰው አይጠይቅም፣ ከፊት ከፊት ብቻ። የእኛ ስልኮች በዚህ አገር መስመር እንደሌላቸው ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው አስተውለሻል? «ለሦስት ሰው አንድ ስልክ ይበቃል፤ እናንተ በከንቱ አትቸገሩ» አለና በራሱ ስልክ ሦስቱንም ከፈተልን። ሌላው ወንድ ለእጮኛው በር ቢከፍትላት ነው፤ ያንቺው ብስክሌት ይከፍትልሻል…ደግሞም ይዘጋልሻል።

አይ፣ ያቺን ነገር ለመንቀፍ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ወንዙ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ሻጮቹን ሳይ እግሬ እሺ አላለኝም። ትምህርት ቤት ሳትጠግቢ ስታድጊ እንዲህ ነው፤ የተደረደረ መጽሐፍ አይተሽ ማለፍ ዳቦ አይቶ እንደማለፍ ይሆንብሻል። አንቺም አብረሽኝ ወረድሽ፣ እሱ ባስተማረን መሠረት የኋላ ጎማውን ቁልፍ ቀጭ አድርገን ዘጋን፣ ለአምስት ደቂቃ ብለን። እሱ ይህን አላየም። እንዴት ያያል? ዓይኑ ያለው ከፊቱ፣ ሊያሳየን የቋመጠለት የከተማው ማማ ያለው ከፊቱ። ማማው ሥር ደረሰ፣ የራሱን ብስክሌት ቆለፈ፣ ስልኩም «ሁላችሁም ደርሳችኋል?» ብሎ ጠየቀው። እሱም «አዎ» አለው፤ የሦስታችንም ኪራይ በዚያው ተዘጋ።

ምን ይበል ታዲያ? አንገቱን አዙሮ እስኪቆጥረን ድረስ ስልኩን ያስጠብቀው? ደግሞ ሥራው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጭነት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲገባ «ደርሷል» ብሎ ሲፈርም የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ለምዶታል። እስከ ዛሬ አንድም ካርቶን «ኧረ እኔ አልደረስኩም» ብሎ አላስቸገረውም።

እኛ ደግሞ መጽሐፎቻችንን በብብታችን ይዘን ተመለስን። የተዘጋው በእሱ ስልክ ካልሆነ አይከፈት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ ሁለት ባለ ቀሚስ ሴቶች ብስክሌት ይዘን እንደ ዛፍ ስናራግፍ… ያቺ ባለ ቢጫ ሰደርያዋ የጽዳት ሠራተኛ መጥታ የማን ነው ስትለን የእኛ ነው አልኳት። ቁልፉስ ስትል፣ ማማው ሥር ነው አልኳት። መጥረጊያዋን ተደግፋ እስክትንበረከክ ነው የሳቀችው። ስልኳን ያዋሰችን ከሳቋ ብዛት መሰለኝ።

ደወልሽለት። ወንዙ ዳር ነን፣ መጽሐፍ ሻጮቹ ጋ፣ ተቆልፎብናል አልሽው። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር፦

«ኧረ ደርሳችኋል ይላል እኮ። ዙሪያሽን በደንብ ተመልከቺ።»

አንቺም… ተመለከትሽ። አትካጂኝ፣ አጠገብሽ ነበርኩ። ወዲያም ወዲህም ዞር ዞር ብለሽ ማማውን ፈለግሽ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ሳቋን አቆመች። ይህ ነው ፍቅር ማለት። ሰውየው ማማው ሥር ነሽ ሲልሽ፣ የቆምሽበትን መሬት የምትጠራጠሪበት ፍቅር… ስንቷ ትታደላለች?

ግን ባይቆለፍብን ኖሮ በእግራችን እንሄድ ነበር? አይስክሬም ገዝተን እየላስን፣ መንገድ ጠፍቶን፣ በማያገባን ሰፈር ሁሉ ገብተን ወጣን። ያ የጥርስ ሠሪ ሱቅ ደግሞ፣ መስኮቱ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርሶች የተደረደሩበት። አፍንጫሽን መስታወቱ ላይ ለጥፈሽ «ይሄ ንጣት የሕያው ሰው አይደለም፤ ድዱ ደግሞ ከረሜላ ነው» ብለሽ ቆየሽ ቆየሽና ገባሽ። ሰውየው መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ኋላ መቅረጫ ቢላዋውን ከነሰም ጥርሱ አቀበለሽ። ያቺን ክራንቻ ሁለቴ ብቻ ፋቅ ፋቅ ስታደርጊያት፣ ሚስቱን ከጓዳ ጠርቶ አሳያት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አገር ቤት ላለው ሽማግሌ ጥርስ ሠሪ ሙያ ተማሪ ብዬ ስሰጥሽ፣ የሰው አፍ እፈራለሁ ብለሽ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። አሁን ሽማግሌው በሚመጣው ወር የወርክሾፑን ቁልፍ ሊያስረክብሽ… ሊያስረክብሽ ነበር።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ማማው ሥር ስንደርስ እጮኛሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ይጨነቃል፣ ብስክሌቱን ከፍቶ ፍለጋ ይወጣል፣ ላቡ ይወርዳል። እሱ ግን ጊዜ የሚያባክን ሰው ነው? በዚያ ሁለት ሰዓት ለሽማግሌው ደብዳቤ ጻፈልሽ። በአንቺ ስም፣ የሥራ መልቀቂያ። አንብቦ ሲያሰማን እኔ አይስክሬሜ ቀሚሴ ላይ ሲንጠባጠብ አላወቅኩም፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ! «በገዛ ፈቃዴ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ስለ ድካምሽ፣ ሥራው እንደ ሰለቸሽ፣ ወደ አዲስ ኑሮ በደስታ እንደምትሄጂ… እኔ ስንት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ የሴትን ልብ ሴትዮዋን ሳይጠይቅ እንዲህ አሳምሮ የጻፈ ደራሲ ግን ገና አልገጠመኝም። አንዲት ነጥብ አልሳተም። ነጥብ የሚስት ዓይነት ሰው አይደለም።

ስትስቂ አየሁሽ? አልሳቅሽም። እንግዲያው አቧራ ገብቶብሽ ይሆናል፣ ዓይንሽን ጥረጊ።

ስልኩ ያውና ጠረጴዛው ላይ፣ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቷል። ከቁርስ በኋላ ይላካል ብሏል አይደል? እንግዲህ ስልኩ መቼም ደንቡ ነው፣ «ይላክ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ደግሞ እሱ በቃሉ ያውቀዋል፤ እኛ በዚህ ምን ጥልቅ አደረገን? ለምን ትነሻለሽ? እኔ ተነሺ አልኩ እንዴ? ቁጭ በይ… ወይም ተነሺ፤ እንደ ፈለግሽ። አየሽ፣ እንደ ፈለግሽ ማለት እንኳ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ፤ ከሰማሁት ቆይቷል መሰለኝ።

ውሃው ቆመ። ጨርሶ ይሆናል፣ ወይም ጆሮው ላይ የቀረችውን አረፋ እየጠረገ ነው። ቢሰማ ምን ይላል? ስናመሰግነው ነው የቆየነው።

ነይ ሳይወጣ ልመርቅሽ፣ እናት የለሽም፣ ያለሁት እኔ ነኝ። ትዳርሽን ይባርክልሽ። እንዲህ ያለውን አሳቢ ሰው ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልሽ። ልብሽ ያሰበውን እሱ እያሰበልሽ፣ የምትወጂውን እየመረጠልሽ፣ ስትደክሚ «አርፋለች»፣ ስትራቢ «ጠግባለች»፣ ስታለቅሺ «ደስ ብሏታል» እያለልሽ፣ አንድም ቀን አፍሽን ለመክፈት ሳትቸገሪ በጸጥታ ያስረጅሽ…

ተይ ተይ የኔ አበባ፣ አሜን ለማለት አትድከሚ። እሱ ይልልሻል።