የጠፋው ድምፁ ብቻ ነበር

ነይ ዊኒ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ ማሞቂያው በዚህ በኩል ነው። የመኪናሽን ሞተር ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሰክተሻል? በዚህ ብርድ ካልተሰካች አትነሳልሽም። ይሄ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እንኳ የቅዳሜው ነፃ የኮምፒውተር ጥገና ከተጀመረ ወዲህ ሞቅ ብሏል። የሩባርብ ፓይ ጋግሬ ይዣለሁ፣ ቅመሺልኝ እስቲ።

እኔ? ደህና ነኝ። ኮምፒውተሬም ደህና ነው። ከተጠገነ ወዲህ አንዴ እንኳ ተበላሽቶብኝ አያውቅም… አይነሳማ! ቫይረስም አይገባበትም። እኔስ መች ገባሁበት? ድመቷ ላዩ ላይ ትተኛለች፤ እሷ በጣም ረክታለች።

ኧረ ዞር ብለሽ አትዪ! እዚያ ጥግ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፔንግዊን የለጠፈው፣ ጆሮው የቀላው ሰውዬ ነው አልኩሽ? አልወጣኝም። ብርዱ ይሆናላ ያቀላው። እኔ የማወራሽ ስለ አንድ ደግ ሰው ነው… ሊኑክስ የሚሉትን፣ ምልክቱ ፔንግዊን የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያውቅ። ማወቅ ደግሞ እንዴት ያለ ማወቅ መሰለሽ! ሌላው ሰው ችግሩን ያያል። እሱ ችግሩን አልፎ ነው የሚያየው።

እህቴ አርዲስ ዘጠና ሊሞላት ነበር። ታውቂ የለ፣ በየልደቷ የእናታችንን ዘፈን በቪዲዮ እንቀባበላለን፤ እሷ ሃሊፋክስ ሆና ትጀምራለች፣ እኔ ከዚህ እመልሳለሁ። በዋዜማው ኮምፒውተሬ ድምፅ አልሰጥ አለኝ። ድምፁ ብቻ! ያንን ደግ ሰው ጠራሁት። ገና ጫማውን ሳያወልቅ "የትኛውን ሊኑክስ ነው የጫኑት?" አለኝ። ነገርኩት። ዘመድ የሞተብኝ ይመስል አዘነልኝ፣ ዊኒ። "እኔ ጋ ባለው እንዲህ ያለ ችግር የለም" አለ። እንዴት ያጽናናል! ጥርስሽን አሞሽ ብትሄጂ፣ ሐኪሙ "የኔን አያመኝም" ቢልሽ ደስ አይልሽም?

የነበረውን አጥፍቶ የራሱን ጫነልኝ። ድምፅ የለም። ዋይፋዩም ጠፋ። "አሁን ወደ ችግሩ እየተጠጋን ነው" አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ሲያዘንብ ዋለ፤ ዋይፋዩ ተመለሰና ምስሉ ተዘቀዘቀ። ሌላ ሰው ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን ስክሪኑን ራሱን አንስቶ ገለበጠና በመጽሐፍ ቅዱሴና በወጥ ቤት መጽሐፌ ደግፎ አቆመው። ተስተካከለ! ካሜራው ታች ወርዶ አገጬን ብቻ ያሳያል እንጂ… ለነገሩ አገጬ ምን ይለዋል?

ሰዓቱ ደረሰ። አርዲስ ያለችበት የአረጋውያን ማረፊያ ሰዉ ሁሉ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቧል። እነሱ ይሰሙናል፣ እኛ አንሰማቸውም። የአርዲስ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል… ጀምራ ይሁን ጨርሳ በምን ልወቀው? ዝምታው እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ያ ደግ ሰው ጺሙን ካሜራው ላይ ደቅኖ፣ ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ኬኩ እስኪቆረጥ ድረስ አስረዳቸው። አጨበጨቡለት አሉ። አርዲስማ አዲሱ ባሌ መስሏት "ምስኪን እህቴ፣ ለካ በምን አፏ ትዝፈን!" ብላለች።

አንቺ ሳቂ። እኔ አልስቅም። ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ዊኒ። የእናታችንን ዘፈን እኔን እየጠበቀች ብቻዋን እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ያንገበግበኛል።

እሱ ግን አልተወኝም። ከበዓሉ በኋላ "አንዴ ብቻ ላድሰው" አለ፤ ያው ድመቷ አልጋ አገኘች።

ትናንት አቧራ ስጠርግ… ድምፅ ማጉያዋ ላይ በጣት የምትዞር ቁልፍ አለች አይደል? ድመቷ የምትታከክባት? ዜሮ ላይ ናት። ከዋዜማው ጀምሮ ዜሮ ላይ ነበረች! እሱ ምን ያድርግ? ያን ያህል ዕውቀት ይዞ እንዴት ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ያያል?

ተነሳ እንዴ? ወደኛ እየመጣ ነው? ፓይ ቁረጪለት እንጂ፣ ትልቁን! እግዜር ይስጠው፣ ለሰው ሲል የማይታክት። ዕድሜውን እንደ አርዲስ ዘጠና ያድርስለት። ያኔ ጆሮው ትንሽ ከበድ ሲለው ደግሞ… ልክ እንደሱ ያለ ሐኪም ይዘዝለት። ታጋሽ፣ እጀ ፈጣን፣ ከጆሮው ጀምሮ ሌላውንም አካላቱን አንድ በአንድ የሚያዳርስለት።