ዘይቱ የተያያዘ ዕለት

በእኛ ዘመን፣ ያው በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ጉለሌ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚያበስል ቤት ጥቂት ነበር፤ ሌላው ላምባና ከሰል ነው። እኔ ቤት ምድጃው የገባው ባለቤቴ ሾፌር ስለነበር ነው፤ ፈረንጁ አለቃው አገር ለቆ ሲሄድ ሰጠው። አራት ድስት ባንዴ የሚጣድበት፣ ነጭ። ታዲያ ሊገጥሙልን የመጡት ኤሌክትሪሻን፣ አቶ ይመር የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ፣ አስቀመጡኝና፣ "ስሚ አስካለ፣ ቂጡ ያልተስተካከለ ድስት አትጣጂበት፣ መብራት በከንቱ ይበላል። ሽሮሽ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው አጥፊው፣ ብረቱ የያዘው ግለት ይጨርስልሻል። ዘይት ጥደሽ ግን የትም እንዳትሄጂ። ቢያያዝ ውሃ እንዳታሳዪው፤ ክደኚው፣ አጥፊው፣ በቃ" አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

እና እኔ ያኔ ቦንቦሊኖ እየጠበስኩ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ዘይቱን ጥጃለሁ። አማቴ እማማ ዘነበች እግራቸው ተሰብሮ አይንቀሳቀሱም፤ ብርዱን ታውቁት የለ፣ ለሙቀቱ ብለው ማድቤት ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የቀበሌው ካድሬ ነው፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ።

"ጓድ አስካለ፣ ሁለት ስብሰባ ቀርተሻል። ምክንያት?"

ታዲያ ምን ልበል? ዘይት ጥጃለሁ ልበለው? እሱ ይናገራል፣ እኔ "አዎ ጓድ፣ ልክ ነው ጓድ" እላለሁ፤ ልቤ ማድቤት ነው፣ እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ። ፈራኋ። ያኔ ካድሬ እየተናገረ ጀርባ አይሰጥም። ቆይቶ ሽታው መጣ። ከዚያ እማማ ከውስጥ፣ በቀስታ፣ "አስካልዬ፣ ድስቱ ነደደ" አሉ። ሳያሰናብተኝ ሮጥኩ።

ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ነው። እማማ ከነወንበራቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። ካድሬውም ተከትሎኝ ገብቶ ኖሯል፣ ዞር ስል ባልዲ ሙሉ ውሃ አንስቷል። ክንዱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ልቀቂኝ ሴትዮ፣ ቤቱ ሊቃጠል ነው" አለ።

"ውሃ ከነካው ይረጫል፣ አሮጊቷን ታቃጥልብኛለህ። አስቀምጠው" አልኩት። አንተ አልኩት፣ ልብ በሉ፣ ካድሬውን።

አየኝ። ሽጉጡን አየሁ። ባልዲውን አስቀመጠ። "እማማን አውጣልኝ" አልኩት፤ ተሸክሞ አወጣቸው። እኔም ክዳኑን ይዤ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ከጎን ገፋ አድርጌ ከደንኩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ዘጋሁ።

"ጠፋ?" አለኝ ተመልሶ።

"እንጃ።"

"ግለጪውና እዪው።"

"አይገለጥም፤ ሳይቀዘቅዝ ከተገለጠ መልሶ ይያያዛል።"

ታዲያ ቆምን። እኔና ካድሬው፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ክዳን እያየን። ጭሱ ከሥሩ ይወጣል፣ ይቀንሳል፣ ደግሞ ይወጣል። ወደ እኔ ዞር አለና፣

"ዘይት ጥደሽ ነው እንዴ እኔ ጋ የቆምሽው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ዓይኔ ሽጉጡ ላይ አረፈ። እሱም አየው። መልሱን ያውቀዋላ። ጭሱ ሲያቆም ስብሰባውን ሳያነሳ ሄደ።

እሳት ካድሬ አይፈራም፣ ልጆቼ። እኔ ግን ሰው ፈርቼ እኚያን ሴትዮ ለእሳት ላስበላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢጠራኝ መጀመሪያ አጠፋለሁ፣ ከዚያ አቤት እላለሁ።

"ስልክ ሲደወልስ፣ እትዬ አስካለ?" አልናቸው፣ ከበን ስንሰማ የነበርነው።

"ይጩኻ" አሉና ሳቁ።