የጋሽ ተፈራ ዋስትና

በደርግ ጊዜ ነው። ቦሌ የሚኖር አንድ ፈረንጅ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ሁለት ኦሲሎስኮፕ አወጣ፤ የድምፅን ሞገድ በመስኮቱ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እኔ ትልቁን አይቼ ስቋምጥ፣ የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚጠግኑት ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ "አንተ ለምትሠራው አምፕሊፋየር ርካሿ ትበቃሃለች" ብለው ትንሿን አስገዙኝ።

ይዘናት ስንመለስ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመን። "መገናኛ ሬዲዮ ነው! ከማን ጋር ልትነጋገርበት ነው?" ብሎ አፈጠጠብኝ። ጋሽ ተፈራ መታወቂያቸውን አውጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። "ይቺ ድምፅ ታሳያለች እንጂ አትናገርም። ይሄ እናንተ ጋ ይቀመጥ፤ የተናገረች ቀን እኔን እሰሩኝ።" ጥበቃው መታወቂያውን ይዞ አሳለፈን። ያን ጊዜ ያለ መታወቂያ መንቀሳቀስ ራሱ ያሳስር ነበር።

ትንሿ ኦሲሎስኮፕ ዛሬም ትሠራለች። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድም ቀን ተናግራ አላሳፈረቻቸውም።