በበሩ ጀርባ የተጻፉት ቁጥሮች

«ገደ ቢስ ናት፤ እጇ ያረፈበት ሁሉ ይቆማል» ይሉ ነበር ሞተረኛው ስለ አጣቢዋ። ጠዋት ለዘበኛው፣ ከሰዓት ለእኛ ለልብስ አጣፊዎቹ፣ ሲመሽ ለሥራ አስኪያጁ። ወሬ ሲደጋገም እውነት ይመስላል፤ በኋላ በኋላ አጣቢዋ ራሷ እጇን እያገላበጠች ማየት ጀመረች።

የላውንደሪያችን ውሃ የሚሳበው በአንድ አሮጌ ፓምፕ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወርዳ ማብሪያውን የምትጫነው አጣቢዋ ናት። እሱ ሲቆም የምናጥበው የሆስፒታል አንሶላ እስከ ኮርኒስ ይከመራል።

አንድ ቀን ሳሙና ላወጣ ወደ ምድር ቤት ስወርድ ሞተረኛውን ከፓምፑ ክፍል በር ላይ አገኘኋቸው። ፓምፑ ቆሞ ገና መነሣቱ ነው። እንደ ልማዳቸው፣ ስንት ቀን ሠርቶ እንደቆመ በበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፋሉ። በሌላ እጃቸው ከሥራ አስኪያጁ ያስጻፉትን የአጣቢዋን የስንብት ደብዳቤ ይዘዋል። በሩን ከላይ ወደ ታች አነበብኩት፦ 30፣ 29፣ 27፣ 24፣ 20።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ንጹሕ ልብስ የምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነው። በጀርባው ገጽ «ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው?» የሚል እንቆቅልሽ አለ፤ ሳልፈታው የጠቀለልኩበት የለም።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ በዐሥራ አምስት ቀን ይቆማል» አልኳቸው።

«ጠንቋይ መሆንሽን ማን ነገረኝ፣ የኔ እመቤት!»

«ጥንቆላ ሳይሆን መቀነስ ነው። መጀመሪያ አንድ ጎደለ፤ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። የሚመጣው አምስት ነው።»

«እኔ እዚህ ስሸብት አንቺ ጥርስ አላበቀልሽም። ቁጥሩንም የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«መጻፉንስ ጽፈዋል፤ ማንበቡ ነው የቀረዎት።»

ፊታቸው ደም መሰለ። ምላሴ ቀድሞኝ እንደሚሮጥ ስለማውቅ ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁና ቀጠልኩ።

«ግን ጋሼ፣ የሰው እጅ እንዲህ ተራ ጠብቆ ያበላሻል? ቀኑ በሥርዓት እየጎደለ ከሄደ፣ ውስጥ በሥርዓት የሚጠራቀም ነገር አለ።»

«በቆመ ቁጥር ማጣሪያውን በእጄ አጥባለሁ። ምን ይጠራቀማል?»

«እንግዲያው ዐሥራ አምስት ቀን ይስጡኝ። እሷ እዚህ አትውረድ፤ ላይ፣ ዐይንዎ ሥር አንሶላ ትጠፍ። በቀኑ ካልቆመ ከእሷ ጋር እኔም እወጣለሁ።»

«በሥራሽ ትቀልጃለሽ?»

«በሰው ሥራ ከመቀለድ ይሻላል።»

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ፓምፑ እንደ ጎረምሳ ያጓራ ነበር። በማግስቱ ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ስምንትም አለፈ። አጣቢዋ አንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠፈችው። ከእሷ በቀር ሰው የሌላቸው ሁለት ልጆች አሏት።

«ካልቆመስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ይቆማል፣ እትዬ» አልኳት። ፓምፕ እንዲበላሽለት የጸለየ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ።

ሞተረኛው መፍቻ አንሥተው ወረዱ፤ ተከተልኳቸው። ማጣሪያውን አወጡ፤ ንጹሕ ነው። «አየሽ!» አሉ።

«ከኋላውስ?»

«ከኋላው ምን አለና?»

ባትሪ አበራሁ። እጅ በማያስገባው ጥግ ሌላ ማጣሪያ ነበር፤ በአሸዋና በዝገት ጢም ብሏል። ፓምፑ ሲያርፍ ቆሻሻው ጥቂት እየረገበ ውሃ ያሳልፋል፤ የሚቀረው ግን በየጊዜው ይበዛል። ሥራውን ያስረከባቸው ሰው «ማጣሪያው አንድ ነው» ብሏቸው፣ እሳቸውም አምነው ኖረዋል።

እጃቸውን ጠርገው ደብዳቤውን ቀደዱት። «ለካ በሩ ሲነግረኝ ነው የከረመው» አሉ። ወጥተውም በሁሉ ፊት አጣቢዋን ይቅርታ ጠየቋት።

ወገኛ ብትሉኝም እናገራለሁ፦ ሰው በሰው ከማሳበቡ በፊት ይቁጠር። ቆጥሮም አይቁም፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይፈልግ፤ ምክንያቱ ከዚያ ጀርባ አለና። ዛሬ ሁለቱም ማጣሪያዎች በየሳምንቱ ይታጠባሉ። ፓምፑ ሁለት ወር ሳይቆም ሠርቷል፤ አንሶላው በመጣበት ቀን ይመለሳል። ሞተረኛውም «ሳትጠቀልይበት በፊት አሳዪኝ» እያሉ ጋዜጣዬን ይሻሙኛል።

ባለፈው ሳምንት ከአጣቢዋ ጋር የአንሶላ ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣ ስለ መጀመሪያዋ ቁጥር፣ ስለ ሠላሳዋ አነሣሁላት።

«ፓምፑ ያኔ መጀመሪያ የቆመ ቀን እኮ እኔ አልነበርኩም» አለች። «ልጄ ታሞ ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺም ብትሆኚ የጠየቅሽው በሩን ነው።»